ከወቄት እስከ ግራም፤ የቁጥርና የልክ ታሪክ በወለጋ ከተሞች



ብዙዎቻችን ማታ ከመሥሪያ ቤት ወደ ቤታችን ስንገባ ልጃችን የሒሳብ ደብተሩን ይዞ ይጠብቀናል። ደክሞናልና «ይህ የመምህርህ ሥራ ነው» ብለን ደብተሩን ወደ ጎን እናደርገዋለን፤ ወይም መልሱን ራሳችን ጽፈን ልጁን እናሰናብተዋለን። በሁለቱም መንገድ ልጁ ሳይማር ያድራል። ዛሬ በዚህ ዓምድ የምናቀርብላችሁ የሬዲዮ ንግግር ቁጥርና ልክ በነቀምቴና በሌሎቹ የወለጋ ከተሞች ምን ዓይነት መንገድ ተጉዘው እኛ ዘንድ እንደ ደረሱ ይተርካል፤ ከዚያም ይህን ታሪክ የሚያውቅ ወላጅ ልጁን በቤት ውስጥ እንዴት ሊረዳ እንደሚችል ያመለክታል። በጽሑፉ ውስጥ «ዓ.ም.» የሚለው በአገራችን አቆጣጠር ነው፤ በአውሮፓ አቆጣጠር የሆነው «እ.ኤ.አ.» ተብሎ ተለይቷል።

ስለ ቁጥር ቤትና ስለ ነጥብ መናገር ቀላል ጨዋታ እንዳይመስላችሁ አንድ ምሳሌ እናንሣ። ለሕፃን የሚታዘዝ የሚጠጣ መድኃኒት መጠኑ 2.5 ሚሊ ሊትር ሊሆን ይችላል። ነጥቢቱን ሳያስተውል 25 ብሎ ያነበበ ሰው ለሕፃኑ የሚያጠጣው የታዘዘለትን ዐሥር እጥፍ ነው። በወረቀት ላይ ስንመለከታት ከአንዲት የጤፍ ፍሬ የማትበልጠው ነጥብ በሕፃን ሰውነት ውስጥ እጅግ ትልቅ ነገር ትሆናለች። እንዲሁም በደመወዝ መዝገብ፣ በመሬት ካርታና በሚዛን ላይ ቦታውን የሳተ አንድ አኃዝ የሰውን መብት ይወስዳል። ስለዚህ ልጃችን አኃዝን ከነቦታው ማወቁ የፈተና ነጥብ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ራሱንና ሌላውን ከጉዳት የሚጠብቅበት ዕውቀት ነው።

እንግዲህ ወደ ታሪኩ እንግባ።

ነቀምቴ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ 330 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ የታወቀች ከተማ ናት። በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት የልቃ ነቀምቴ ገዢዎች፣ ሞቲ በከሬ ጎዳናና ልጃቸው ሞሮዳ፣ ከዚያም በክርስትና ስማቸው ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር የተባሉት ኩምሳ ሞሮዳ መቀመጫቸው በዚሁ አካባቢ ነበረ። በ1874 ዓ.ም. ከተደረገው የእምባቦ ጦርነት በኋላ አገሩ ለንጉሥ ምኒልክ ገባሪ ሆነ። ገባሪ መሆን ደግሞ መቁጠርንና መለካትን ይጠይቃል፤ ምን ያህል ወርቅ፣ ምን ያህል የዝሆን ጥርስ፣ ምን ያህል እህል እንደሚገባ በልክ ካልተነገረ ግብር ሊሰበሰብ አይችልምና።

በዚያ ዘመን ልክ ማለት በመጀመሪያ የሰው አካል ነበረ። ሻማና ቡልኮ በክንድ ይለካ ነበር፤ ክንድ ከክርን እስከ መካከለኛው ጣት ጫፍ ድረስ ያለው ርዝመት ሲሆን በሁለት ስንዝር ይታሰባል። ከስንዝር በታች ጋትና ጣት ነበሩ። እህል በቁና ይሰፈር ነበር፤ ሃያው ቁና አንድ ዳውላ ይባላል። የመሬት ስፋት ደግሞ በገመድ፣ ማለት በቃላድ፣ እየተለካ በጋሻ ይቆጠር ነበር፤ በኋላ ዘመን አንድ ጋሻ 40 ሄክታር ያህል ተብሎ ታስቧል።

ይህ የአለካክ ሥርዓት የሚናቅ አልነበረም። ማንም ሰው ሜትር ሳይገዛ ክንዱን ይዞ ወደ ገበያ ይሄዳል። ነገር ግን የረጅም ሰው ክንድና የአጭር ሰው ክንድ አንድ አይደሉም፤ የአንዱ ገበያ ቁና ከሌላው ገበያ ቁና ይበልጣል ወይም ያንሳል። ቁናውን የያዘው ሰው ጉልበተኛ በሆነ ጊዜ ደግሞ ልክ የዳኝነት መሣሪያ መሆኑ ይቀርና የበደል መሣሪያ ይሆናል። ሕዝባችን «በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም» ሲል የተረተው ይህን አይቶ ነው። ተረቱ የሥነ ምግባር ምክር ቢሆንም፣ ቁናዎች እኩል እንዳልነበሩም በሥውር ይመሰክራል።

ወለጋ ከሁሉ ይልቅ በወርቅ የታወቀ አገር ነው። ከወንዞቹ አሸዋ እየታጠበ የሚወጣው ወርቅ የሚመዘነው በወቄት ነበረ። አንዱ ወቄት ከአንድ የማርያ ቴሬዛ ጠገራ ብር ክብደት ጋር ይስተካከላል ተብሎ ይታሰብ ነበር፤ ይኸውም 28 ግራም ያህል ነው። ብልኃቱን ተመልከቱ፤ በሩቅ አገር በኦስትሪያ 1780 (እ.ኤ.አ.) የሚል ዓመት ተጽፎበት የሚመታ ገንዘብ በነቀምቴ ገበያ የሚዛን ድንጋይ ሆኖ ያገለግል ነበር። ገንዘቡ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ክብደት ስለ ነበረው ሰዎች አመኑት። የደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር ዘመን የወለጋ ደብዳቤዎች ተሰብስበው በመጽሐፍ ታትመዋል፤ የወርቅ ግብር ነገር በእነዚያ ደብዳቤዎች ውስጥ ከታላላቆቹ ጉዳዮች አንዱ ነው። የአገር ገዢ ሰላምና ሞገስ በወቄት ቁጥር ላይ የተንጠለጠለበት ጊዜ ነበረ ማለት ነው።

ከወርቅ ቀጥሎ ቡና መጣ። በ1902 እ.ኤ.አ. በተደረገው ውል መሠረት በባሮ ወንዝ ዳር በጋምቤላ የንግድ ጣቢያ ከተቋቋመ በኋላ፣ በክረምት ወንዙ ሲሞላ የእንፋሎት ጀልባዎች እየመጡ የወለጋንና የኢሉባቦርን ቡና ወደ ሱዳን ይወስዱ ነበር። የቡናው ሚዛን ፈረሱላ ነው፤ ፈረሱላም 17 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል። ይህን ልክ ከኩንታል ጋር ለማስታረቅ የሚሞክር ሰው ወዲያው ችግር ይገጥመዋል። አንድ ኩንታል 100 ኪሎ ነው፤ በፈረሱላ ሲካፈል 5 ፈረሱላ ከ15 ኪሎ ይሆናል፤ አይጠናቀቅም። ሻጩ በአንዱ ልክ፣ ገዢው በሌላው ልክ ሲያስብ በመካከል የሚቀረው ትርፍ ሒሳብ ወደሚያውቀው ሰው ይሄዳል። መማር በገበያ ውስጥ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ የለም።

የገንዘቡም ታሪክ እንዲሁ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በስማቸው ያስመቱት ብር 1887 ዓ.ም. የሚል ተጽፎበታል። ያ ብር በመጀመሪያ በ20 ግርሽና በ40 ቤሳ ይዘረዘር ነበር፤ ከ1903 እ.ኤ.አ. ገደማ በኋላ ግን በ16 ግርሽና በ32 ቤሳ ተዘረዘረ። አሥራ ስድስት ለመግመስ የተመቸ ቁጥር ነው፤ ግማሹ 8፣ ሩቡ 4፣ የሩቡ ግማሽ 2 ይሆናል። በእጁ እየከፈለ ለሚያስብ ነጋዴ ምቹ ነው። ነገር ግን በወረቀት ላይ ለሚደምርና ለሚያባዛ ጸሐፊ እጅግ አስቸጋሪ ነው።

አንድ ምሳሌ እንሥራ። አንድ ዕቃ 3 ብር ከ5 ግርሽ ቢሆን ሰባቱ ዕቃ ስንት ነው? ሦስት ሰባት ጊዜ 21 ብር፤ አምስት ሰባት ጊዜ 35 ግርሽ ነው። ሥራው ግን ገና አላለቀም፤ 35 ግርሽ በ16 ተካፍሎ 2 ብር ከ3 ግርሽ ይሆናል፤ ስለዚህ ጠቅላላው 23 ብር ከ3 ግርሽ ነው። አሁን ደግሞ ዕቃው 3 ብር ከ5 ሳንቲም ይሁን። 3.05 በ7 ሲባዛ 21.35 ነው፤ ይኸው ተፈጸመ። ሁለተኛ ማካፈል አላስፈለገም። ብሩ በመቶ ሲከፈል የገንዘቡ አከፋፈልና የቁጥሩ አጻጻፍ አንድ ሕግ ይከተላሉና።

ወደዚህ ሥርዓት ለመሻገር ጊዜ ፈጅቷል። በ1923 ዓ.ም. ብሩ በ100 መቶኛ እንዲከፈል ተደርጎ አዲስ ገንዘብ ተመታ። ወዲያው ግን የጣልያን ወረራ ደረሰና ሊሬ ገባ፤ ከነጻነት በኋላም የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ ለጥቂት ዓመታት ሠራ። በሐምሌ 1937 ዓ.ም. በመቶ ሳንቲም የሚዘረዘረው የኢትዮጵያ ብር ወጣና ሥርዓቱ ጸና። የኖረው ልማድ ግን ከሕዝቡ አንደበት በአንድ ቀን አይወጣም። አንዱ ብር በሁለት የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ ይመነዘር ስለ ነበረ፣ ሃምሳ ሳንቲም ሽልንግ ተብሎ ቀረ። ሃያ አምስት ሳንቲም ደግሞ ስሙኒ ተባለ፤ ቃሉ በዐረብኛ ስምንተኛ ክፍል ማለት ሲሆን እኛ ግን ለሩብ አደረግነው። ቤሳም ከገበያ ከጠፋች ብዙ ዘመን ቢሆናትም፣ ገንዘብ የሌለው ሰው እስከ ዛሬ «ቤሳ ቤስቲን የለኝም» ይላል።

አሁን ወደ አጻጻፉ እንለፍ። በምኒልክ ብር ላይ ያለው ዓመት ምሕረት በግዕዝ አኃዝ ሲጻፍ ፲፰፻፹፯ ነው። ይህን ስናነብ ዐሥራ ስምንት መቶ፣ ሰማንያ፣ ሰባት እንላለን። የግዕዝ አኃዝ ከግሪክ ፊደላት የተወረሰና ከአክሱም ዘመን ጀምሮ የኖረ የከበረ ቅርሳችን ነው። በእርሱ ዘንድ እያንዳንዱ ምልክት ማዕርጉን በራሱ ላይ ይዞ ይሄዳል፤ ፯ ሁልጊዜ ሰባት ነው፣ ፸ ሁልጊዜ ሰባ ነው። ስለዚህ ዜሮ አላስፈለገውም። ሁለት መቶ ሰባት ፪፻፯ ተብሎ ይጻፋል፤ ሁለት መቶ ሰባ ደግሞ ፪፻፸ ይሆናል። ለመዝገብና ለመጽሐፍ ምዕራፍ እጅግ የተመቸ ነው፤ ነገር ግን ሁለት ረጃጅም ቁጥሮችን አንዱን ከአንዱ በታች ጽፎ ለመደመር አይመችም፤ ምልክቶቹ በየቤታቸው አይሰለፉምና።

ዛሬ የምንሠራበት የአኃዝ አጻጻፍ መነሻው ህንድ ነው። የህንዱ ሊቅ ብራህማጉፕታ በ628 እ.ኤ.አ. ዜሮን እንደ ማንኛውም ቁጥር እንዴት መደመርና መቀነስ እንደሚቻል ሕግ ጻፈ። በዘጠነኛው መቶ ዓመት በባግዳድ የነበረው አል ኽዋሪዝሚ ይህን የህንድ ሒሳብ በዐረብኛ አስተማረ፤ ከዚያም ወደ አውሮፓ ተሻገረ። የሥርዓቱ ምሥጢር ይህ ነው፤ አኃዙ በራሱ ማዕርግ የለውም፤ ማዕርጉን የሚሰጠው የተቀመጠበት ቤት ነው። 7 በአንድ ቤት ሲቀመጥ ሰባት፣ በዐሥር ቤት ሲቀመጥ ሰባ፣ በመቶ ቤት ሲቀመጥ ሰባት መቶ ነው። እኛ የመንግሥት ሠራተኞች ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም፤ ያው ሰው ወንበሩ ሲለወጥ ፊርማው የሚፈጽመው ጉዳይ እንደሚለወጥ እናውቃለን። ዜሮ ደግሞ ባዶው ወንበር ነው። ማንም ባይቀመጥበትም ከቦታው አይነሣም፤ ቢነሣ ሌሎቹ ሁሉ ያለ ቦታቸው ይቀመጣሉና። ከ207 ዜሮውን ብናነሣው 27 ይሆናል፤ መቶ ሰማንያው የት ሄደ ተብሎ የሚጠየቀው ጸሐፊው ነው።

ይህ ትምህርት ወደ ወለጋ የገባው በፊደል ትምህርት መንገድ ነው። ከባርነት ነጻ የወጣው አናሲሞስ ነሲብ ከአስቴር ጋኖ ጋር ደክሞ በ1894 እ.ኤ.አ. የኦሮምኛ የፊደል መጽሐፍ፣ በ1899 እ.ኤ.አ. ደግሞ መጽሐፍ ቅዱስን በኦሮምኛ በግዕዝ ፊደል አሳተመ። በ1904 እ.ኤ.አ. ወደ ነቀምቴ ገብቶ ማስተማር ጀመረ። ከዚያም በ1919 እ.ኤ.አ. በደምቢ ዶሎ የአሜሪካኖች፣ በ1928 እ.ኤ.አ. በአይራ የጀርመኖች ሚሲዮን ሥራ ጀመረ፤ የመንግሥት ትምህርት ቤቶችም እየተስፋፉ ሄዱ። ከ1983 ዓ.ም. ለውጥ ወዲህ ደግሞ የወለጋ ልጆች የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን በኦሮምኛ ይማራሉ።

በዚህ ላይ ወላጆች ልብ ሊሉት የሚገባ አንድ ስጦታ አለ። የአማርኛም የኦሮምኛም የቁጥር ስሞች የቁጥርን ቤት በግልጥ ይናገራሉ። አማርኛ ዐሥራ አንድ፣ ዐሥራ ሁለት ሲል፣ ኦሮምኛም ኩዸ ቶኮ፣ ኩዸ ለማ ይላል፤ ሁለቱም ዐሥርና አንድ፣ ዐሥርና ሁለት ማለታቸው ነው። እንግሊዝኛ ለዐሥራ አንድና ለዐሥራ ሁለት ዐሥር የማይሰማባቸው ልዩ ስሞች አሉት፤ ፈረንሳይኛ ሰማንያን አራት ሃያ ይለዋል። ስለዚህ የእኛ ልጅ ቁጥሩን በአፉ ሲጠራ ግማሹን ትምህርት አስቀድሞ ይዞታል። ወላጅ በቤቱ በየትኛውም ቋንቋ ይናገር፣ ልጁን «ዐሥራ ሁለት ውስጥ ስንት ዐሥር፣ ስንት አንድ ይሰማሃል?» ብሎ ቢጠይቀው ቋንቋው ራሱ አስተማሪ ይሆናል።

ነጥብ ያለው ቁጥር፣ ማለት አሥርዮሽ፣ ከዚህ በኋላ የመጣ ነው። በ952 እ.ኤ.አ. በደማስቆ አል ኡቅሊዲሲ የተባለ የሒሳብ ሰው ከአንድ በታች ያለውን ክፍል በዐሥር ዐሥር እየከፈለ ጻፈ። በአውሮፓ ይህን አሳብ ለሕዝብ ያስፋፋው ሲሞን ስቴቪን ነው። ስቴቪን በሙያው መጀመሪያ በሒሳብ ጸሐፊነትና በግብር መሥሪያ ቤት ያገለገለ ሰው ነበረ፤ በ1585 እ.ኤ.አ. «አሥረኛው» ተብሎ ሊተረጐም የሚችል ትንሽ መጽሐፍ አሳትሞ ለመሬት ለኪዎች፣ ለጨርቅ ለኪዎች፣ ለገንዘብ ሠሪዎችና ለነጋዴዎች አቀረበ። መንግሥታትም ገንዘባቸውንና ልካቸውን በዐሥር እንዲከፍሉ መከረ። ምክሩ የተፈጸመው ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ ነው። ፈረንሳይ በ1795 እ.ኤ.አ. የሜትርን ሥርዓት በሕግ አወጀች፤ በ1799 እ.ኤ.አ. መመዘኛ የሚሆኑት ሜትርና ኪሎ ግራም ከፕላቲን ተሠርተው በቤተ መዛግብት ተቀመጡ። ፕላቲን የተመረጠው ስለማይዝግና ስለማይለወጥ ነው። ይህ ብርቅ ማዕድን በእኛም አገር በወለጋ በዩብዶ መገኘቱን ስናስብ፣ ልክ የሚጸናበት ነገር ከሩቅ አገር ብቻ የሚመጣ እንዳልሆነ እንረዳለን። ኢትዮጵያ የሜትርን ሥርዓት የተቀበለችው በ1963 እ.ኤ.አ. ነው። በዛሬው ጊዜ ሜትር በብርሃን ፍጥነት፣ ኪሎ ግራምም ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በማይለወጥ የተፈጥሮ ቁጥር ተወስነዋል፤ ስለዚህ ልክ ከማንም ገዢ እጅና ከማንም ሰው ክንድ ወጥቷል ማለት ነው።

ውድ አንባብያን፤ ታሪኩ ይህ ከሆነ፣ ለልጆቻችን ማድረግ የሚገባን ምንድን ነው?

አስቀድሞ አንድ ለውጥ እናስተውል። የቀድሞ ልጅ አሥርዮሽን የተማረው ወደ ሱቅ ሲላክ ነበር። ሽልንግና ስሙኒ በእጁ ይይዝ ነበር፤ የመልሱን ሳንቲም እየቆጠረ ይመለስ ነበር። ዛሬ ሳንቲም በገበያ እምብዛም አይታይም፤ ክፍያውም እየዋለ እያደረ በስልክ ሆኗል። ልጁ መቶኛ የሚባለውን ነገር በእጁ ነክቶ አያውቅም። ስለዚህ ሱቁ ያለ ደመወዝ ያስተምር የነበረውን ዛሬ ቤቱ ማስተማር አለበት።

አንደኛ፤ ቁጥርን በቡና ፍሬ አስጀምሩ። ልጁ ዐሥር ፍሬ እየቆጠረ በወረቀት ይጠቅልል፤ ዐሥር ጥቅል ደግሞ በአንድ ጣሳ ያኑር። ፍሬው የአንድ ቤት፣ ጥቅሉ የዐሥር ቤት፣ ጣሳው የመቶ ቤት ነው። ከዚያ «203 አውጣ» በሉት፤ ሁለት ጣሳና ሦስት ፍሬ ያወጣል፤ ጥቅል የለምና በዐሥር ቤት ዜሮ ይጽፋል። ቀጥላችሁ «ስምንት ፍሬ ስጠኝ» በሉት። ሦስት ፍሬ ብቻ ስላለው ይጨነቃል፤ ተዉት፣ ይጨነቅ። አንዱን ጣሳ ከፍቶ ዐሥር ጥቅል ያገኛል፤ ከጥቅሎቹ አንዱን ፈትቶ ዐሥር ፍሬ ያገኛል፤ ዐሥራ ሦስት ከሆነው ፍሬ ስምንቱን ሰጥቶ አንድ ጣሳ፣ ዘጠኝ ጥቅል፣ አምስት ፍሬ ይቀረዋል፤ 195። መምህሩ በሰሌዳ ላይ «ተበደር» ሲለው የነበረው ነገር ምን እንደ ሆነ ያን ጊዜ ይገባዋል።

ሁለተኛ፤ ያንኑ ቁጥር በግዕዝ አኃዝም ያጽፉት። 207ን ፪፻፯፣ 270ን ፪፻፸ ብሎ ከጻፈ በኋላ «በዚህኛው ዜሮ ለምን የለም? በዚያኛውስ ለምን አስፈለገ?» ተብሎ ይጠየቅ። የአባቶቹን ጽሑፍ እያከበረ የዜሮን ሥራ ይማራል።

ሦስተኛ፤ ለአሥርዮሽ አንድ ሜትር የሚሆን የወረቀት ጥብጣብ ቁረጡ፤ የልብስ ሰፊ ሜትርም ይሆናል። ልጁ በዐሥር እኩል ክፍል ይክፈለው፤ እያንዳንዱንም እንደገና በዐሥር ይክፈል። ልጆች አዘውትረው የሚሳሳቱት 0.45 ከ0.6 ይበልጣል በማለት ነው፤ አርባ አምስት ከስድስት ይበልጣል ብለው ያስባሉና። በቃል አትከራከሩት፤ በጥብጣቡ ላይ ያመልክት። 0.6 ስድስት ትልልቅ ክፍል፣ ማለት 60 ሳንቲ ሜትር ነው፤ 0.45 ግን 45 ነው። ጥብጣቡ ይፈርዳል። እንዲሁም 3.5 ብር ሦስት ብር ከአምስት ሳንቲም ሳይሆን ሦስት ብር ከሃምሳ ሳንቲም መሆኑን፣ ከአምስት ሳንቲም ቢሆን 3.05 ተብሎ እንደሚጻፍ አሳዩት። በመካከል ያለው ዜሮ ያው ባዶው ቤት ነው።

አራተኛ፤ «በዐሥር ማባዛት ዜሮ መጨመር ነው» ብላችሁ ከማስተማር ተጠበቁ። ይህ ለ25 ይሠራል፤ 250 ይሆናልና። ለ2.5 ግን አይሠራም፤ 2.50 ያው 2.5 ነው። እውነተኛው ሕግ አኃዞቹ ሁሉ አንድ አንድ ቤት ወደ ግራ ይሻገራሉ የሚለው ነው፤ 2.5 በዐሥር ሲባዛ 25 ይሆናል። አስቀድመን ባነሣነው መድኃኒት ላይ የታየው አደጋ ይኸው የአንድ ቤት መሻገር ነበረ።

አምስተኛ፤ ከመለካት በፊት ይገምት። የጠረጴዛውን ርዝመት በመጀመሪያ በእርሱ ክንድ፣ ቀጥሎ በአባቱ ወይም በእናቱ ክንድ፣ በመጨረሻ በሜትር ይለካ። ሁለቱ ክንዶች የተለያየ ቁጥር እንደሚሰጡ፣ ሜትሩ ግን ማንም ቢይዘው አንድ ቁጥር እንደሚሰጥ በዓይኑ ያያል። የነቀምቴ ገበያ በብዙ ዘመን የተማረውን እርሱ በአንድ ምሽት ይማራል። በወጥ ቤትም እንዲሁ ነው፤ ሩብ ኪሎ ቡና ሲገዛ 250 ግራም ወይም 0.25 ኪሎ መሆኑን፣ ሦስት ሩብ ኪሎ 0.75 መሆኑን ራሱ ጽፎ ያምጣ።

ስድስተኛ፤ ሰማዩም መምህር ነው። አፉና ታቹ እኩል የሆነ ቆርቆሮ በግልጥ ስፍራ አኑራችሁ፣ በየማለዳው ልጁ የተጠራቀመውን ዝናም በማስመሪያ በሚሊ ሜትር ይለካና በደብተር ይመዝግብ። በነቀምቴ በዓመት የሚዘንመው ዝናም ወደ 2,000 ሚሊ ሜትር ይጠጋል። ልጁን «ይህ ስንት ሳንቲ ሜትር ነው? ስንትስ ሜትር?» ብላችሁ ጠይቁት። 200 ሳንቲ ሜትር፣ 2 ሜትር መሆኑን ሲያገኝ፣ ያ ውሃ ሳይፈስና ሳይሰርግ ቢቆም ከአባቱ ራስ በላይ እንደሚሆን ተረድቶ ይደነቃል። ቁጥር ከወረቀት ወጥቶ በአገሩ ላይ ሲቆም ማየት ይህ ነው።

ለዚህ ሁሉ የሚያስፈልገው ጊዜ በቀን ሩብ ሰዓት ነው፤ የሚያስፈልገው ወጪ አንድ እፍኝ ቡና፣ አንድ ጥብጣብ ወረቀትና አንድ ቆርቆሮ ነው። ልጁ ሲሳሳት አትቆጡት፤ «እንዴት አሰብኸው?» ብላችሁ ጠይቁት፤ ስሕተቱ ራሱ የትኛው ቤት እንደ ጠፋበት ይነግራችኋልና። መልሱንም አትጻፉለት፤ በራሱ እጅ የተፈታ ጥቅል ከመቶ ቃል ይበልጣል።

አንባብያን ሆይ፤ ያለፉት ትውልዶች በወለጋ ገበያ ወርቃቸውንና ቡናቸውን ሌላ ሰው በያዘው ሚዛን ሲያስመዝኑ፣ ቁጥሩን ራሳቸው መርምረው ትክክል ነው ወይም አይደለም ለማለት የቻሉት ጥቂቶች ነበሩ። ዛሬ ሚዛኑ ለሁሉ አንድ ሆኗል፤ ቁጥሩም በየቤቱ ገብቷል። ነገር ግን ሚዛኑን የማያነብ ሰው ሚዛኑ ትክክል በመሆኑ ብቻ አይጠቀምም። እንግዲህ ልጆቻችን፣ ወንዶቹም ሴቶቹም፣ ሚዛኑን ራሳቸው የሚያነቡ፣ ነጥቢቱን የሚያስተውሉ፣ ባዶውን ቤት የሚጠብቁ እንዲሆኑ ማድረግ የእኛ ፈንታ ነው። ዛሬ ማታ ደብተሩ ሲቀርብላችሁ ወደ ጎን አታድርጉት።